መጀመሪያ ባልየው ይመርመር

በድሬዳዋ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለሃይማኖት አባቶች፣ ለአገር ሽማግሌዎችና ለእድር ተወካዮች የቀረበ ንግግር

ክቡራን የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የእድርና የአፎቻ ተወካዮች፣ እናቶችና አባቶች፤ ከሐረር ደንገጎን ወርዳችሁ በዚህ ሙቀት የመጣችሁልን እንግዶችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ዘመናዊ የመካንነት ሕክምናና ምርምር» የሚል ነው። ከማሕፀን ውጭ ስለሚፈጠር ጽንስ፣ ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ መሣሪያ እንዳወራ ተጠብቆ ይሆናል። አወራለሁም፤ ኋላ ላይ። የምጀምረው ግን ከሁሉም በሚያንሰው ዕቃ፣ ክዳን ካላት ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው። ሙያዬ የመራቢያ ጤና ምርምር ነው። አብዛኛው የሥራ ቀኔ የሚያልፈው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ይህች ብልቃጥ የያዘችውን ስቆጥር ነው። ልጅ ላጡ ባልና ሚስት ከሚታዘዙት ምርመራዎች መካከል እጅግ ቀላሉና ርካሹ ይህ ነው። በአካባቢያችን ከሁሉም ዘግይቶ የሚታዘዘውም ይኸው ነው።

ልጅ ፍለጋ ወደ እኛ የምትመጣ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ፌስታል ይዛ ትገባለች። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፈው የዓመታት ልፋት ይወጣል፦ ጠርዙ የተጣጠፈ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ ቀለም ተረጭቶ የተነሣ የማሕፀን ራጅ፣ ከተለያዩ ላቦራቶሪዎች የተሰበሰበ የሆርሞን ውጤት፣ ማኅተሙ የደበዘዘ የሪፈራል ወረቀት፣ እንቁላል ለማነሣሣት የሚሰጥ፣ ግማሹ ያለቀ የክሎሚፊን ኪኒን። ሆዷን የተቀደደችም አለች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላብጬ ስጨርስ «የባለቤትሽስ ውጤት የታለ?» እላታለሁ። ዝም ትላለች። አለዚያም «እርሱ እንኳ ጤነኛ ነው» ትላለች። ማን መረመረው? «ጤነኛ ነኝ ብሏል»።

አባቶቼ፣ እኔም ወንድ ነኝና ቅር አይበላችሁ። ወንድ ልጅ ኩንታል ስለተሸከመ፣ ከሚስቱ ጋር መገናኘት ስላላቃተው፣ አባቱ ዘጠኝ ልጆች ስለወለዱ ዘሩ ሙሉ ነው ማለት አይደለም። የዘር ሕዋስ ጨርሶ የሌለበት ፈሳሽ በዓይን ሲታይ ከሌላው አይለይም፤ ሰውየው ራሱ የሚሰማው ነገር የለም። ከመቶ ወንዶች አንዱ ያህል እንዲህ ነው። መውለድ ካልቻሉ ወንዶች መካከል ከሆነ ደግሞ ከመቶ ከ10 እስከ 15 ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ውስጥ የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። በሀብታምና በድሃ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ይህ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። መካንነት የሚባለውም መከላከያ ሳይጠቀሙ 12 ወር አዘውትረው ተገናኝተው እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ከተጠበቀ ይበቃል። ከሚመረመሩት ባለትዳሮች በግማሽ ያህሉ ላይ ደግሞ ችግሩ በወንዱ በኩል ይገኛል፤ በአንዳንዶቹ በእርሱ ብቻ፣ በሌሎቹ ከሚስቱ ችግር ጋር ተደርቦ። እንግዲህ ያንን ሁሉ ወረቀት የተሸከመችው ሴት ግማሹን ጉዳይ ሳይነካ ነው የተንከራተተችው።

ጥፋቱን በባሎች ላይ ብቻ መጣል ግን ግብዝነት ነው። እኛ ተመራማሪዎችም ሚዛናችን ያዘነበለ ነው። በዓለም ላይ የሚጠቀሱት የመካንነት ግምቶች አብዛኞቹ የተሠሩት ሴቶችን ስንት ወለድሽ፣ መቼ ወለድሽ ብሎ በመጠየቅ ነው። ወንዱ ካልተጠየቀና ካልተመረመረ በሰንጠረዡ ላይ አይታይም፤ በሰንጠረዡ ላይ ካልታየ በጀት አይመደብለትም፤ በጀት ካልተመደበለት ምርመራው በየጤና ተቋሙ አይገኝም።

እፍረቱም የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። የወንድን ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ የጻፈው አንቶኒ ቫን ሌዊንሁክ የሚባል፣ ደልፍት በምትባል የሆላንድ ከተማ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነበር። ድሬዳዋ ቢወለድ ታይዋን በሚባለው ገበያችን ሱቅ አያጣም ነበር። ማይክሮስኮፑን ራሱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1677 ያየውን ለለንደኑ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ ሲጽፍ፣ ፈሳሹ የተገኘው በኃጢአት ሳይሆን ከሕጋዊ ሚስቱ ጋር ከተገናኘ በኋላ መሆኑን ማስረዳት ግድ ሆኖበታል። ነገሩ ሊቃውንቱን የሚያስጸይፍ ከሆነም ማተሙንም ሆነ ማስቀረቱን ለእነርሱ ፈቃድ ተወው። ከዚያ ወዲህ 350 ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኛ ጋ የሚመጡት ወንዶች ግን ዛሬም ብልቃጧን በጃኬታቸው ውስጥ ደብቀው፣ ግራ ቀኝ ገልምጠው ነው የሚያቀብሉን።

በነገራችን ላይ ጃኬት ውስጥ መያዙ ትክክል ነው። ምርመራውን ላስረዳችሁ፤ የሚፈራው ስለማይታወቅ ነው። ሰውየው ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ከግንኙነት ይታቀባል። ናሙናውን ቤቱ ሆኖ ከሰጠ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ሳይቀዘቅዝ፣ ለድሬ ፀሐይም ሳያጋልጥ፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያደርሳል። ከሳቢያን ሰፈር ወደ እኛው ከዚራ ለሚመጣ ባጃጅ ይበቃዋል፤ ከገጠር ቀበሌ ለሚመጣ ግን አይሆንም፤ ለእርሱ እዚሁ ቦታ ሊዘጋጅለት ይገባል። ይህን ነገር መልሼ አነሣዋለሁ።

ናሙናው መጀመሪያ ወፍራም ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ስንጠብቀው ይቀጥናል። ከዚያ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አድርገን በማይክሮስኮፕ እናያለን። ደህና ናሙና ሲሆን መስታወቱ ሥር ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፦ ጭንቅላቱ የሚያበራ፣ ጭራው ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት የሚርገበገብ፣ ቀጥ ብሎ የሚነጉድ። ከመካከላቸው ባለበት የሚሽከረከር አለ፤ ጭራው ሁለት የሆነ አለ፤ ራሱ የጠፋበት አለ፤ ሳይራመድ የሚንቀጠቀጥም አለ። ፍጹም ጤነኛ በሆነ ሰው ናሙና ውስጥ እንኳ ቅርጹ ያማረው ጥቂቱ ነው። የምንቆጥረው በረቂቅ መስመሮች በተከፋፈለ መስታወት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መመሪያ ዝቅተኛው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ከዚያ ያነሰ ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም፤ ከዚያ የበለጠ ሁሉ ይወልዳል ማለትም አይደለም። ወሰኑ ሚስቶቻቸው በዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች የተወሰደ መለኪያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

አንድ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ዝቅ ካለ ይደገማል። ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ዛሬ የምናየው ሰውየው ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የነበረበትን ሁኔታ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያን አይታለች። በየቤቱ አልጋ ላይ ያልዋለ ጥቂት ነበር። እንዲህ ያለ ከባድ ትኩሳት የዘርን ቁጥር ለሳምንታት ሊያወርድ ይችላል። ትኩሳት ተነሥቶበት በሁለተኛው ወር የተመረመረን ሰው «አትወልድም» ብሎ ማሰናበት ትዳር ማፍረስ ነው። ሦስት ወር ጠብቆ መድገም ነው።

የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ከቀረው አካል ሁለት ሦስት ዲግሪ ቀዝቀዝ ማለት ስላለበት ነው። በምድጃ አፍ የሚውል ዳቦ ጋጋሪ፣ ከጅቡቲ መንገድ ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ተቀምጦ የሚመጣ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ልጅ አጥቶ ሲመጣ ስለ ሥራው የምንጠይቀው ለዚህ ነው። በዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ የሚያብጡ ደም ሥሮችም አሉ፤ በቀዶ ሕክምና ሊስተካከሉ ይችላሉ። ለወጣቶቹ ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል፦ ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጋው የቴስቶስትሮን መርፌ የዘርን ምርት ያቆመዋል። ደረቱ እየሰፋ ዘሩ የነጠፈ ልጅ አይቻለሁ። ወንድነቴን ይጨምርልኛል ብሎ ነበር የተወጋው።

«ጫትስ?» ትሉኛላችሁ፤ ድሬ ተቀምጦ ይህን ያልተጠየቀ ሐኪም የለም። በየመንም በእኛም አገር የተደረጉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ውጤታቸውም እርስ በርሱ አይስማማም። ጫት መካን ያደርጋል ብዬ አልምልም። የሲጋራው ማስረጃ ግን ከዚህ የጠነከረ ነው፤ ዘርን ይቀንሳል፣ ያዳክማልም። በርጫ ላይ ጫቱን ከሲጋራው ለይቶ የሚቅም ስንት ሰው እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሴቷ ልምጣ፤ መንገዱ ግን ተመልሶ ወደ ባልየው እንደሚወስደኝ ከወዲሁ እነግራችኋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት በ25 አገሮች ባካሄደው ትልቅ ጥናት ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ከሌላው ዓለም ተለይቶ ታየ። በእኛ በኩል የሚበዛው ምክንያት በኢንፌክሽን የተዘጋ የማሕፀን ቱቦ ነው። ቱቦው በጠባቡ ቦታ ውስጡ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ቆስሎ ከተጣበቀ የሚከፍተው ኪኒን የለም። የሚያቆስሉት ደግሞ በብዛት ጨብጥና ክላሚዲያ የተባሉት የአባላዘር በሽታዎች ናቸው፤ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽንና የማሕፀን ቲቢም አሉበት። ክላሚዲያ የያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም።

በስዊድን ሉንድ ከተማ ላርስ ቬስትሮም የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለ ኢንፌክሽን የያዛቸውን ሴቶች ለብዙ ዓመታት ተከታትለው ነበር። አንድ ጊዜ ከታመሙት መካከል ከመቶ 8 ያህሉ ቱቧቸው ተዘጋ። ሁለት ጊዜ የታመሙት 20 ገደማ ሆኑ። ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የታመሙት 40 ደረሱ። በየጊዜው ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሕመሙ ለምን ይመላለሳል የሚል ነው። መልሱን አዋላጆቻችን ያውቁታል። ሚስት ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ባል አይታከምም፤ መልሶ ያሲዛታል። ወይም ባል ሽንቱን ሲያቃጥለው ከፋርማሲ ለራሱ ብቻ ገዝቶ ይውጣል፤ ለሚስቱ ምን ብሎ ይንገራት? ክላሚዲያን በሰባት ቀን የሚያድነው ዶክሲሳይክሊን ርካሽ መድኃኒት ነው። ሁለቱም አብረው ባለመዋጣቸው ከዓመታት በኋላ አገር አቋርጦ፣ ንብረት ሸጦ የሚፈለግ ሕክምና ይመጣል።

ስለ ወሊድ መከላከያ የሚወራውንም በአጭሩ ልንካ። «መርፌው መካን አደረገኝ» የምትል እናት ብዙ ነች። በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ካቆሙት በኋላ እርግዝና እስኪመጣ ሊያዘገይ ይችላል፤ ከመጨረሻው መርፌ አንሥቶ አሥር ወር ገደማ የተለመደ ነው። ያዘገያል እንጂ አያመክንም። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያና ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ግን ከወጡ በኋላ ማርገዝ ወዲያው ይቻላል። ቶሎ መውለድ ለምታስብ ሴት ይህን ሳይነግሯት መርፌውን መስጠት ትክክል አይደለም፤ ሐሜቱን የምንቀልበው እኛው ነን።

ወደ ተጠበቀው ርእስ ልምጣ። ሌስሊ ብራውን የተባለች እንግሊዛዊት ቱቦዋ ተዘግቶ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትፈልግ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1978 ኦልድሃም በተባለች ከተማ ሉዊዝን ወለደች። ጽንሷ ከማሕፀን ውጭ የተገኘ የመጀመሪያዋ ሕፃን ይህች ናት። ከዚህ በስተጀርባ ሦስት ሰዎች አሉ፦ ተመራማሪው ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ እንዲሁም ነርሷ ጂን ፐርዲ። የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 ገንዘብ አልሰጥም ብሏቸው ነበር። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ሁለቱ ሞተዋል። የፐርዲ ስም በመታሰቢያው ሰሌዳ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ላቦራቶሪውን ያቆመችውና ያንቀሳቀሰችው ግን እርሷ ነበረች። ነርሶች ይህን ስሙልኝ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ቁጥር ነው። ከ1969 እስከ 1978 በነበሩት ዓመታት በእነርሱ ሙከራ የተሳተፉት ሴቶች 282 ናቸው። በሕይወት የተወለዱት ልጆች ሁለት። የቀሩት 280 ሴቶች ሆዳቸው ተበስቶ፣ የብዙዎቹ እንቁላል ተወስዶ፣ ባዶ እጃቸውን ነው ወደ ቤታቸው የተመለሱት። ዛሬ በዚህ መንገድ የተወለዱት ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ እነዚያን ሴቶች የሚያስታውሳቸው ግን እምብዛም ነው። በየጥናታችን ስምምነት ወረቀት ላይ የምትፈርም እናት በጣቷ ስታትም ሳይ እነርሱ ትዝ ይሉኛል።

በአገራችን በመንግሥት ተቋም ደረጃ ይህ ሕክምና የተጀመረው በአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በ2011 ዓ.ም. ነው። ትልቅ እርምጃ ነው። ከድሬ ለሚሄድ ግን ሕክምናው ብቻ አይደለም ዋጋው። ሴቲቱ ለአሥራ ምናምን ቀን በየዕለቱ ትወጋለች፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ በአልትራሳውንድ ትታያለች፤ እንቁላሏ በሰዓቱ ይወሰዳል፤ ጽንሱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላቦራቶሪ ይቆያል፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ተጠብቆ ነው መያዝ አለመያዙ የሚታወቀው። ያን ሁሉ ቀን ማረፊያ ያስፈልጋል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ይለመናል። በወጣቶቹ ላይ እንኳ አንዱ ሙከራ ከመሳካት ይልቅ አለመሳካቱ ያመዝናል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ተስፋ የሚሸጥ ስለበዛ ነው።

በወንዱ በኩል ዘሩ እጅግ ጥቂት ለሆነበትም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ብራስልስ ውስጥ አንዲትን የዘር ሕዋስ በረቂቅ መርፌ ይዞ ወደ እንቁላል ማስገባት እንደሚቻል ታየ። በሚሊዮን ይቆጠር የነበረው ፍላጎት ወደ አንድ ሕያው ሕዋስ ወረደ ማለት ነው። ይህም ቢሆን የሚጀምረው ከብልቃጧ ነው።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ድሬ ምን እንደምትመስል ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ከአራቱም ማዕዘን ሕዝብ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይጎርፋል። ልጅ ያገኘችው ልጇን አዝላ፣ ጥላውንና ጧፉን ይዛ ስለቷን ልታስገባ፤ ያላገኘችው ልትሳል። በሐረርም በወልዮች አዋች፣ በቅዱሳኑ መቃብር ስፍራ፣ ዱዓ የሚያደርጉ አሉ። ይህን አልነካም፤ የሚነካ ሐኪምም አልወድም። አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ፦ ወደ ቁልቢ ባልየውም አብሮ ይሄዳል። ዳገቱን ይወጣል፣ ሌሊቱን ያድራል፣ እንደ ሚስቱ ያለቅሳል። እስከ ቁልቢ የሄደ ሰው ከዚራ ድረስ መምጣት እንዴት ያቅተዋል? ቀሳውስትና ኡስታዞች፣ ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ብትሉት ይሰማል።

ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከእናንተ የምሻው ከሁሉም ይበልጣል። «አልወለደችልኝምና ልፍታት» ወይም «ሌላ ላግባ» የሚል ሰው ለዳኝነት ከፊታችሁ ሲቀርብ፣ ነገሩን ከመስማታችሁ በፊት የሁለቱንም ውጤት ጠይቁ። የእርሷን ብቻ ይዞ ከመጣ መልሳችሁ ስደዱት። ሐኪም ብሎት ያልመጣ ወንድ ሽማግሌ ሲለው ይመጣል፤ ደጋግሜ አይቻለሁ። አማቶችንም እናንተ ናችሁ የምትገስጹት። ውጤቱ ከሁለቱም ወገን ተስፋ የሌለው ሆኖ ሲገኝም የጉዲፈቻ ባህል በዚህ ምድር ከእኛ ሙያ በፊት የነበረ ነው፤ እንዴት እንደሚመከር ከእኔ ትበልጣላችሁ።

ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች ያስቀረሁት የክፍሉ ነገር ነው። ናሙና እንዲሰጥ የታዘዘ ሰው ብልቃጥ አስይዘው ሁሉም ወደሚገባበትና ወደሚወጣበት መጸዳጃ ቤት ሲልኩት አይቻለሁ፤ የትኛው ቦታ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ያ ሰው ሁለተኛ አይመለስም፤ ጓደኞቹንም አያመጣም። የምንጠይቀው ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ አንድ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ከላቦራቶሪው ብዙ አይራቅ። ለመግዣው የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ ልጅ ፈልጋ የመጣችን ሴት ካርድ ስታወጡ በዚያው ቀን ለባሏም አውጡለት። እርሷን ወደ ራጅ ከመላካችሁ በፊት የእርሱ ናሙና ይታይ። ካልመጣ በስሙ ወረቀት ጽፋችሁ ላኩለት፤ በእርሷ አፍ «ና» ከምትለው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሻላል፤ ጠብም አያስነሣባትም።

አሁን ጥያቄ እንቀበላለን። እጅ አውጥቶ መጠየቅ ለማይመቸው ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ በየወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ ጻፉት፣ የሚያነብልን አለ። ወንዶቹ ቀድመው ቢጽፉ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።